መቶ ዘጠና አንደኛው ወንበር

ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣ ለሽቦው፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ጤናህ ሙሉ፣ ጫማህ ደረቅ፣ አለቃህም ከአንተ ራቅ ያለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንደምታውቀው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ሁሉ ሹክ ስል ኖሬ፣ አሁን በተራዬ ዓለም በሙሉ የሚያንሾካሹክብኝ ሆኗል። ስለዚህ ስልክ አትደውል። ባለፈው ስትደውል «እሺ፣ እሺ» ብዬ ዘግቼዋለሁ፤ ምን እንደ ፈቀድኩልህ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን ወንበር ስበህ ተቀመጥ። ሰገነቱ ተጠግኗል! ያ አሥራ አንድ ዓመት ለርግብ ብቻ ክፍት የነበረው የትያትር ቤታችን ሰገነት! አናጢው ትናንት የመጨረሻዋን ሚስማር መትቶ ወረደ። መቶ ሃያ ወንበር! ከታች ካሉት መቶ ዘጠና ጋር ሦስት መቶ አሥር ሆንን ማለት ነው። አዲሶቹን አንድ በአንድ ተቀምጬ ሞክሬያቸዋለሁ። ሁለቱ ይጮኻሉ፣ አንዱ ይቆነጥጣል፣ የቀሩት ጨዋ ናቸው።

ደስታዬን ያልወደደ አንድ ሰው አለ። ባለሕንፃውን ታስታውሰዋለህ፣ ያ ከጎናችን ሶፋ የሚሸጠው። ሰገነቱን ሊያይ መጥቶ፣

«እትዬ፣ ውላችን የካቲት መጨረሻ ላይ ያልቃል» አለኝ።

«ያልቃል» አልኩት።

«አዳራሹን ለሶፋ እፈልገዋለሁ።»

«ሶፋ ትያትር ያያል እንዴ?»

«ሰውም አያይልዎትም» አለኝ።

ይቺ ንግግር አጥንቴ ድረስ ገባች። ነገርን ነገር አንስቶት ውርርድ ላይ ደረስን። አዲሱ ኮሜዲያችን የሚከፈተው የካቲት 16፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ቀን ሦስት መቶ አሥሩም ወንበር ከሞላ ለአምስት ዓመት ይፈርምልኛል። አንድ ወንበር እንኳ ባዶ ከሆነ ሶፋው ይገባል፣ እኛ እንወጣለን። «ደግሞ በእጅ ትኬት ጽፈው ለዘመድ አድለው እንዳያታልሉኝ፤ እኔ የማምነው ማሽኑ የሸጠውን ነው» አለ።

ማሽኑ ማለት እንግዲህ አንተ የጻፍከው የትኬት ፕሮግራም ነው። መስኮቷ ላይ ያለችው ትኬት ቆራጫችንም፣ ቤቱ ሆኖ በድረ ገጹ የሚገዛውም፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚያልፈው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው መቶ ዘጠና ወንበር ብቻ ነው። ሦስት መቶ አሥር አድርግልኝ። ገንዘብ አትላክ፤ የባለፈው ጣሪያውን ደፍኖ ተርፏል። አሁን የምፈልገው ቁጥር ብቻ ነው።

አክስትህ፣ ከመጋረጃው ጀርባ


ጥር 8

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ጎንበስ ብሎ ይድረስዎ። ዕድሜ ከጤና፣ ሰገነት ከነተመልካቹ ይስጥዎ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት አሳንሰር ውስጥ ነው። የምሠራው የአሳንሰር ኩባንያ ውስጥ ስለሆነ አሳንሰር ውስጥ መቆየቴ እንደ ሥራ ይቆጠርልኛል። «ሰገነቱ ተጠግኗል» የሚለው ላይ ስደርስ ሳላስበው አጨበጨብኩ። አብራኝ የነበረች ሴትዮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወረደች፤ የተጫነችው ግን ሰባተኛን ነበር።

ሥራው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኮዱ ውስጥ መቶ ዘጠና የሚል አንድ መስመር አለ፣ ሦስት መቶ አሥር አደረግሁት። አዲሱን ፋይል ልኬዋለሁ፤ ቢሮዎ ያለው ሰርቨር ላይ መድረሱንም አረጋግጫለሁ። እርስዎ ደብዳቤዬን አንብበው ሳይጨርሱ ሰገነቱ መሸጥ ይጀምራል።

አክስቴ፣ ሦስት መቶ አሥር ሰው! እኔ እኮ ልጅ ሆኜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአርባ ሰው በላይ አይቼ አላውቅም፤ ያውም ሃያው ዝናብ ሸሽቶ የገባ ነበር። ባለሕንፃው ሶፋውን ይዞ ይቀራል። ከዛሬ ጀምሮ ገጹን ከፍቼ ነው የምውለው።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 13

ለሽቦው፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለአሳንሰሯ ሴትዮ።

ዘገየች ብለህ እንዳትቀየም። ደብዳቤህ በደቂቃ ይደርሰኛል፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ሳልተኛበት መልስ አልጽፍም። በደረሰ ማግስት መመለስ ከሰው አፍ ነጥቆ እንደ መናገር ነው። ሁለቱን ቀን ደግሞ ከማሽንህ ጋር ስጣላ ነው የቆየሁት።

መቶ ዘጠና ነው የሚለው። ጠዋትም መቶ ዘጠና፣ ማታም መቶ ዘጠና።

አንተን አላማሁም፤ መጀመሪያ ማስረጃ ሰበሰብኩ። የላክኸውን ፋይል አሳተምኩት፣ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። እርሳስ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አልገባኝም፤ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልገባኝን ትያትር ሁሉ ሳርም ስለኖርኩ አልከበደኝም። ገጽ ሰባት ላይ ሦስት መቶ አሥር ይላል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ደግሞ በእኛው ቋንቋ «ይህን እንዳትነኩ፣ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም» የሚል ማስታወሻ ትተሃል። እናትህ ይህን እንዳታይ ገጹን ከታተመው ወረቀት አውጥቼ ደብቄዋለሁ።

እንግዲህ ጽሑፉ ልክ ነው፣ ትወናው ነው የተበላሸው። ዛሬ ጠዋት መስኮቷ ላይ የሆነውን ልንገርህ። አንድ መምህር መጥቶ፣

«ከሰገነቱ ሁለት ስጪኝ» አላት።

«ሰገነት የለም» አለችው ትኬት ቆራጫችን።

«ምን ማለትሽ ነው? ያውና ከዚህ ሆኜ ይታየኛል!»

«ለእኔም ይታየኛል፣ ጋሼ። ለማሽኑ ነው የማይታየው።»

ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ «ላም አለኝ በሰማይ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሳቅሁ፤ ቢሮዬ ገብቼ ግን አልሳቅሁም። ከታቹ መቶ ስድሳ ሁለት ተሽጧል። ሰዉ እየመጣ ነው ልጄ፣ ስንት ዓመት ያልመጣው ሰው! እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ እመልሰዋለሁ።

ምን አጥፍተህ ይሆን?

አክስትህ


ጥር 13

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬን አጠር አድርጌ፣ ይቅርታዬን ረዘም አድርጌ ልጀምር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዋናውን ነገር ሳልነግርዎት ቀረሁ።

ፕሮግራሙ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው በቃሉ ነው፤ ፋይሉን ዞር ብሎም አያየው። እኔ ፋይሉን ቀየርኩ፤ እሱ ግን ከተነሳ አራት መቶ ሁለት ቀኑ ስለሆነ፣ ዛሬም የሚያወራው ያኔ ያነበበውን ነው። አዲሱን እንዲያውቅ ቆሞ እንደገና መነሳት አለበት። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ከዚህ ሆኜ እኔው አስነሳው ነበር፣ ነገር ግን ያስታውሳሉ። ከዓመት ከወር በፊት በቀትር አስነስቼው፣ ሰዎች ለመግዛት ይዘውት የነበረው ወንበር ሁሉ ተበትኖ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ ከሚስቱ አምስት ረድፍ ርቆ የተቀመጠ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማሽን የሚያቆም እዚሁ ቤት ያለ ሰው ብቻ ነው» አሉኝ። እኔም ፈቃዱን ከራሴ ላይ አነሳሁ። አሁን ፋይል መላክ እችላለሁ፣ ማቆም ግን አልችልም። ሥልጣኑ የእርስዎ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቢሮዎ ያለው ኮምፒውተር ላይ ያችን ጥቁር መስኮት ይክፈቱ። «አቁም» ብለው ይጻፉና የማስገቢያውን ቁልፍ ይጫኑ። ስክሪኑ «ቆሟል» ሲል «ጀምር» ብለው ይጻፉ። ሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በቃ!

እባክዎ ዛሬውኑ ያድርጉት። ዓይኔን ከገጹ ላይ አልነቅልም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 18

ለሽቦው፣

ሰላም፣ ጤና፣ ትዕግሥት፤ በተለይ ትዕግሥት።

የጻፍከው ገብቶኛል። እንዲያውም ከአንተ በፊት አውቀው ነበር፣ ስሙን ነው ያላወቅሁት። አንድ ጊዜ ደራሲው ሦስተኛውን ክፍል በቀትር እንደ አዲስ ጽፎ የዋናው ተዋናያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠለት። ተዋናዩ ወረቀቱን አላየውም። መድረክ ላይ ወጥቶ ድሮ ያጠናውን አሳምሮ ይወጣዋል! እኔ ከኋላ ሆኜ አዲሱን ስነግረው፣ እንዳበደች ሴት ገላመጠኝ። ያንን ሰው ለመቀየር መጋረጃ ዘግቶ፣ አስቀምጦ፣ ከመጀመሪያው ማስነበብ ነበር የሚያስፈልገው። ማሽንህም እንደዚያው ነው። እሺ።

ግን አንድ ሕግ አለኝ፤ ታውቀዋለህ። ሰው ተቀምጦ መብራት አይጠፋም። ፖስተኛው ያን ቀን ያማረረውን እስከ ዛሬ አልጨረሰም። (ሚስቱ ግን በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር ትመርቅሃለች።)

ስለዚህ ከአምስት ቀን ጀምሮ አንተው በሠራህልኝ ቆጣሪ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ «አሁን በአዳራሹ ያሉ» የምትለዋ አጠገብ። ገጹን ከፍቶ ወንበር የሚመርጠውን ሰው ቁጥር አይደል የምታሳየኝ? ዜሮ ስትሆን «አቁም» ልል ጣቴን አሹያለሁ። ቀን አርባ ይሆናል። ሲመሽ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ።

ቁጥሩ አንድ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ጎህ ሲቀድ መጥቼ አየሁ፣ አንድ። ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ባለበት ሰዓት አየሁ፣ አንድ። ዘበኛውን እየዞረ እንዲያይልኝ አዘዝኩት፤ «እትዬ፣ ያው ሰውዬ አልወጣም» ይለኛል በር ላይ ቆሞ። አንድ የማይተኛ፣ የማይበላ፣ የማይገዛ እንግዳ አዳራሼ ውስጥ አለ።

የታቹ መቶ ዘጠና ትናንት አለቀ። አለቀ! ዋናው ተዋናይ ሰምቶ ሁለት ጊዜ ልብሱን ለወጠ። ሃያ ስምንት ቀን ቀርቶናል፣ የሚሸጥ ወንበር ግን የለንም። እንግዳው እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነው።

አክስትህ፣ ከቆጣሪው አጠገብ


ጥር 18

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ለእንግዳው ግን ሰላምታዬን ነፍጌዋለሁ።

ያስወጡት! እለምንዎታለሁ። ሰውም ላይሆን ይችላል። አንዱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ረስቶት ሄዶ ይሆናል። በአንድ ዝንጉ ሰው ምክንያት አምስት ዓመት ሊያጡ ነው? ትያትር ቤቱን? ልጅነቴን በሙሉ ከመቀመጫዎ ሥር ቁጭ ብዬ ያሳለፍኩበትን?

እዚህ ያለሁበትን ሁኔታ ልንገርዎት። ገጹን ሥራ ቦታዬ ሁለተኛው ስክሪን ላይ ከፍቼ አስቀምጬዋለሁ። እኔ ስብሰባ ብገባ እንኳ እንዳያመልጠኝ በየደቂቃው ራሱ የሰገነት ወንበር እንዲጠይቅ አድርጌዋለሁ። «የለም» ይለኛል። ቤት ስሄድም ሳልዘጋው ነው የምሄደው። አለቃዬ በዓመት ሁለት ቃል የሚናገር ሰው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቆሞ አየና፣

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«የአክስቴ ወንበር ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ባለፈ ቁጥር «ዛሬስ?» ይለኛል። «የለም» እለዋለሁ። ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ትናንት ከሥራ ሲወጣ ሌሎች ሁለት ሰዎች አስከትሎ ነበር የመጣው።

አክስቴ፣ እኔ እንኳ ይህን ያህል ዓይኔን ሳልነቅል የምጠብቅ ሰው፣ ያ እንግዳ ምን ልብ ኖሮት ነው ሌላውን ሁሉ የሚያስጠብቀው? ያስወጡት።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 23

ለሽቦው፣

ሰላምታ ሁሉ ይድረስህ፤ አለቃህንም ሰላም በልልኝ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ይመስላል።

አላስወጣሁትም። ምክንያቱን ስነግርህ ትፈርዳለህ።

ባለፈው ሳምንት ቆጣሪዋን ስመለከት በግራ በኩል ያለውን ዝርዝር ልብ አልኩት። እዚያ ያለው ሰው የትኛውን ወንበር እንደሚጠይቅ ይጽፋል ለካ! እንግዳዬ ምን እንደሚጠይቅ ታውቃለህ? መቶ ዘጠና አንድ።

ገባህ? የታቹ መቶ ዘጠና ላይ ያበቃል። መቶ ዘጠና አንድ የሰገነቱ የመጀመሪያዋ ወንበር ናት። ማሽኑ የማያውቃት ወንበር! ይጠይቃል፤ ማሽኑ «የለም» ይለዋል። ደቂቃ ይቆይና ደግሞ ይጠይቃል። «የለም።» ሌት የለ፣ ቀን የለ። አይሳደብ፣ አይሰለች፣ ሌላ ወንበር አይሞክር። ይህን ዝርዝር አሳትሜ ተዋንያኑን ሰብስቤ አሳየኋቸው።

«ሌባ ነው» አለ መብራት ሠራተኛው።

«ሌባ የሌለ ዕቃ ይሰርቃል?» አለችው ትኬት ቆራጫችን።

ዋናው ተዋናይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ፍቅር ይዞት ነው» አለ። እሱ ምን ጊዜም ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

እኔ ግን እንዲህ ነው የማስበው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ወደዚህ አዳራሽ ኑ ብዬ ለምኛለሁ። አሁን አንድ ሰው ማሽኑ ገና ለማያውቃት ወንበር በር ላይ ቆሟል። እሱን ነው አስወጣ የምትለኝ? እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን እያልኩ ባለሕንፃው ሜትር ይዞ ገባ። ከመድረኩ እስከ በሩ ለካ። «ሦስት ረድፍ ሶፋ በደንብ ይገባል» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሜትሩ። ሃያ ሦስት ቀን ነው የቀረን። ልቤ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እየመታ ነው።

አንተ ባለሙያ ነህ። ይህን ሰው ማወቂያ መንገድ አለ? ብትነግረኝ ራሴ ጽፌ «ጌታው፣ ለሃያ ሰከንድ ብቻ ውጣልኝ፣ ወንበርህን አስቀምጬልህ እጠራሃለሁ» እለዋለሁ።

አክስትህ


ጥር 23

አክስቴ፣

እኔ ነኝ።

ዘግቼዋለሁ። አሁን ይዩ፣ ዜሮ ይሆናል።

የተሳፈረባትን ሳይቆጥር «አህያ ጠፋኝ» ብሎ እንዳለቀሰው ሰውዬ ሆኛለሁ። ቆጣሪዋን የሠራሁ እኔ፣ የተቆጠርኩም እኔ። ሰላምታ ሳላስቀድም በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ፤ ፊት የለኝም።

እኔው


ጥር 23፣ ከሰዓት በኋላ

ለእንግዳዬ፣

ሦስት ቀን ልተኛበት ሞከርኩ፤ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቻልኩም። ሰላምታውን ከመጨረሻው ፈልገው።

አንተ ጉድ! አንተ ሽቦ! አንተ ከዚያ ሆነህ የምታየው የገጹን ሥዕል ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ። ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «ና» ብዬህ አላውቅም፤ ሥራውን ይሥራ ብዬ። ለካ መጥተሃል። አሥራ አምስት ቀን አዳራሼ ውስጥ ተቀምጠህ ኖሯል፣ እኔም ስጠብቅህ አድሬያለሁ። ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። ትኬት ቆራጫችን ውኃ አመጣችልኝ።

አሁን የሆነውን ስማ። ቆጣሪዋ ዜሮ! ሁሉም ቢሮዬ ውስጥ ገባ፣ አናጢው ሳይቀር። ትኬት ቆራጫችን መስኮቷን ዘጋች፣ ዘበኛው በሩን ያዘ፣ ከምን እንደሚጠብቀን ባላውቅም። ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ «አቁም» አልኩ። ጫንኩ። «ቆሟል» አለ።

ዝም።

ሃያ ሰከንድ ብለኸኝ ነበር። እኔ የሃያ ሰከንድ ዝምታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተዋናይ መድረክ ላይ ቃል ሲጠፋው ከዚያ ያነሰው ነው ዕድሜ የሚጨርሰው። «ጀምር» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። ዋናው ተዋናይ ዓይኑን ሸፈነ። መብራት ሠራተኛው «ሞተ» አለ። «አፍህን ያዝ!» አልኩት። ከዚያ ሳላስበው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብዬ ልክ እንደ ተዋናይ ሹክ አልኩት፦ «ሦስት መቶ አሥር። ሦስት መቶ አሥር በል።»

አለ! ሦስት መቶ አሥር አለ! ሰገነቱ በሙሉ ከነረድፉ፣ ከነቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ! አናጢው የራሱን ወንበሮች ሲያይ እንደ ልጅ ዘለለ። ዋናው ተዋናይ ማንንም ሳይለይ አቀፈ፤ ማተሚያ ማሽኑንም ጭምር። መስኮቷ ስትከፈት ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ደርሷል። መቶ ዘጠና አንድን ማን እንደ ገዛት ታውቃለህ? የፖስተኛው ሚስት። ባሏ ከታች ነው የገዛው። «እግዜር ይስጠው ያንን ልጅ» አለች፤ ይኸው አድርሻለሁ።

ይህን ስጽፍ አርባ አንድ የሰገነት ወንበር ሄዷል። ሰላም ለአንተ ይሁን፤ አሁን ነው ሰላምታው።

አክስትህ


ጥር 26

ለተከበሩ አክስቴ፣

እጅ ነሥቼ፣ አጨብጭቤ፣ ደግሜ እጅ እነሣለሁ።

ገጹን አልከፈትኩም። ጣቴ ይበላኛል፤ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምውለው። አለቃዬ መጥቶ ባዶውን ስክሪን አየና «ዛሬስ?» አለኝ። «አለ!» አልኩት። «አለ?» «አለ!» እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ «ዘጠኝ ዓመት ዕረፍት አልጠየቅህም» አለኝ። ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ሞልቼዋለሁ፣ አልሰጠሁትም። ለየካቲት 16 አይደርስም፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የምመጣበት ትያትር ቤት መኖሩን አላውቅም።

ስንት ቀረ? ከፍቼ ማየት ስለማልደፍር እርስዎ ይጻፉልኝ። ከፈለጉ ሦስት ቀን ይተኙበት፤ እኔ ግን አልተኛም።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 17

ለሽቦው፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለአለቃህ፣ ሰላም ለአሳንሰሩ። ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩልህ። «ስድስት ቀረ» ብዬህ ከዚያ ስድስቱ ባይሸጥ ምን እልሃለሁ? ስድስቱ የተሸጡት ቅዳሜ ነው። ማሽኑ «ሞልቷል» አለ። እኔ ግን ትኬት የገዛ ሁሉ ይመጣል ብዬ የማምን ልጅ አይደለሁም።

እሑድ ከሰዓት። ሰዉ ሲገባ ከመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ያንን ድምፅ ልጄ፣ በእነዚህ በደከሙ ጆሮዎቼ ሰማሁት። ሦስት መቶ ሰው ሲቀመጥ ወለሉ ራሱ ይተነፍሳል። ባለሕንፃው መጨረሻ ገባ፣ ኮት ለብሶ። ማሽኑን አሳየሁት። «አየሁ» አለ፤ «ወንበር ደግሞ በጣት ይቆጠራል።»

መቁጠር ጀመረ። ከታች ረድፍ በረድፍ፣ ከዚያ ሰገነት ወጣ፣ ወረደ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ጀመረ። ትያትሩ ተጀምሮ ሰው ይስቃል፣ እሱ በመተላለፊያው ላይ «ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ አራት» ይላል። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ከመጋረጃ ጀርባ መጣብኝ።

«ሦስት መቶ ዘጠኝ» አለኝ። «አራተኛው ረድፍ ዳር ላይ ባዶ ነው።»

ወጥቼ አየሁ፣ እውነቱን ነው። የማን ነው? የአናጢው! ትኬት ገዝቷል፣ መጥቷል፣ ግን ከሰገነቱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ የራሱን ምሰሶ ያያል። ሄጄ ያዝኩት።

«ተቀመጥ እንጂ! ገደልከኝ!»

«መቶ ሃያ ሰው እላዩ ላይ ወጥቶበት? ልቤ አይቀመጥም፣ እትዬ።»

«ይወድቃል እንዴ?»

«አይወድቅም። ግን ቆሜ ነው የማምነው።»

እጁን ስጎትተው፣ እሱም ምሰሶውን ሙጥኝ ሲል ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። መብራት ጠፋ። በቃ አልኩ። ሶፋ ገባ አልኩ። ዞሬ አራተኛውን ረድፍ ሳይ ባዶው ወንበር ላይ ሰው አለ።

ባለሕንፃው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እግሩ ከድቶት ለአንድ አፍታ ሊያርፍ ተቀምጧል። ቀና ሲል ደግሞ ዋናው ተዋናይ መድረክ ላይ የሐኪም ልብስ ለብሶ የራሱን ምላስ ይመረምራል። ባለሕንፃው ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ሊነሳ ግማሽ ድረስ ተነሳ፤ ኋላ ያለችው ሴትዮ ትከሻውን መታ አድርጋ «ጋሼ፣ ከለሉኝ» አለችው። ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው አልተነሳም።

ሰዉ ሲወጣ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

ዙሪያውን አየ፣ ራሱን አየ።

«እኔን ካስቆጠሩ ሦስት መቶ አሥር ነው» አለኝ።

«ያልቆጠርኩት ሰው ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል። እቆጥርዎታለሁ» አልኩት።

ፈረመ። አምስት ዓመት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አራተኛው ረድፍ ዳር ላይ። ከዚያ «የፊታችን እሑድስ ወንበር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከማሽኑ አየሁለት። ሞልቷል።

ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ሥራ አለህ። የመብራት ሠራተኛው ክፍል አጠገብ ለሁለት ወንበር የሚሆን ቦታ አግኝቻለሁ፤ አናጢው ሊሠራቸው ተስማምቷል። ቁጥሩን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አድርገህ ላክልኝ። አንደኛው የባለሕንፃው ነው። ሁለተኛው ላይ እስካሁን ስም አላስጻፍኩም።

ፋይሉ ሲደርሰኝ አዳራሹ ባዶ መሆኑን አይቼ እኔው አቆመዋለሁ፣ እኔው አስነሳዋለሁ።

አክስትህ